በጎንደር ሆኖ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማስተርስ መማር፤ ከፎርም እስከ ዲፌንስ

ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት ስታፍ ተቀምጬ ደብተር አርማለሁ። አንዲት ወጣት መምህርት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ትምህርት ቤታችን ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። "እትዬ፣ ማስተርስ መማር ፈልጌ ነበር። ግን ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል" አለችኝ። ደወሉ እስኪደወል አሥራ አምስት ደቂቃ ነበረን፤ አልበቃንም። በማግስቱ ቀጠልን። ቅዳሜ ደግሞ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ጨረስነው። ያልኳትን እዚህ ልጻፈው ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ጥያቄ የያዘ ሌላም ሰው አይጠፋምና።

እኔ ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የምኖረው አዘዞ ነው። ማስተርሴን የያዝኩት በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ እየተማርኩ፣ ሁለት ልጆች እያሳደግኩ። እንደሚቻል አውቀዋለሁ። የትኛው ቦታ ላይ ሰው እንደሚደናቀፍም አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ማስተርስ ስትገቡ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋችሁ ጥያቄ ነው። እንግሊዝኛችሁ በልምድ ይሻሻላል። ወረቀቱም በመመላለስ ያልቃል። ጥያቄ ሳይዝ የገባ ሰው ግን ኮርሱን ሁሉ በጥሩ ውጤት ጨርሶ ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሁለተኛ ዓመት ላይ እንዲህ የቀሩ ጎበዝ ጓደኞች አሉኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ማስረጃም፣ ስለ ፈተናም ብጽፍ ዞሬ የምመጣው ወደ ጥያቄው ነው።

ቴፍል ወይስ ሊትሬቸር?

"የእንግሊዝኛ ማስተርስ" የሚለውን ብቻ አይተው የሚመዘገቡ አሉ። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚታወቁት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንዱ ቴፍል ነው፤ እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር ትምህርት። ሌላው ሊትሬቸር ነው። ሁለቱ የሚጠይቁት የሥራ ዓይነት ለየቅል ነው።

ቴፍል የገባ ሰው የሚያጠናው ክፍሉን፣ ተማሪውንና መምህሩን ነው። መጠይቅ ይበትናል፤ ክፍል ገብቶ ይታዘባል፤ ያገኘውን ቁጥር ኮምፒውተር ላይ በኤስፒኤስኤስ ያሰላል። ሊትሬቸር የገባ ሰው ግን መረጃው መጽሐፉ ራሱ ነው። አንድ ልብ ወለድ ወይም አንድ ሰው የጻፋቸውን ግጥሞች ይዞ ወራት ይቀመጣል። መጠይቅ የለም። ብቻውን ከመጽሐፉ ጋር ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ማስተማሩን ለሚቀጥል ሰው ቴፍል ለዕለት ሥራው በቀጥታ ይጠቅመዋል። ይህን ደብቄ ሊትሬቸርን አላወድስም። ወጣቷን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ "ባለፈው ዓመት ማንም ሳያዝሽ ስንት ልብ ወለድ ጨረስሽ?" አምስት ቆጠረችልኝ፤ ሁለቱን ደግሞ መልሳ አንብባቸዋለች። እንግዲያው ሊትሬቸር ግቢ አልኳት። አንድም ያልቆጠረ ሰው ቢሆን ቴፍል ይሻልሃል እለው ነበር። ስታቲስቲክስ በመፍራት ብቻ ሊትሬቸር የሚገባ አለ። እሱ ቶሎ ይደክመዋል።

በየትኛው ጊዜ እንደምትማሩም ቀድማችሁ ወስኑ። መደበኛው አለ፤ የቅዳሜና እሁዱ አለ፤ ለመምህራን የሚመቸው የክረምቱ አለ። ዘንድሮ የትኛው እንደሚከፈት ዲፓርትመንቱን በአካል ሄዶ መጠየቅ ይበጃል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ማራኪ ግቢ ነው የምትሄዱት። የክረምቱ ለእናቶች ይመቻል ይባላል። እኔ ግን ሳምንት እየቆጠርኩ ብማር ይሻለኛል ብዬ ቅዳሜና እሁድን መረጥኩ። አሥር ወር ርቆ በክረምት ወደ ንባብ መመለስ ለኔ ከባድ ይሆን ነበር።

ወረቀቱን አሁኑኑ

የምዝገባ ማስታወቂያ ሲወጣ የሚሰጠው ቀን አጭር ነው። ከዚያ በፊት ማስረጃችሁ እጃችሁ ላይ መሆን አለበት። ዲግሪው ወይም ቴምፖው (ጊዜያዊ ዲግሪው)፣ የተማሪ ኮፒ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ፣ መሥሪያ ቤት የሚያስተምራችሁ ከሆነ የስፖንሰር ደብዳቤ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚላከው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። ኮስት ሼሪንግ ያለባችሁም ጉዳዩን ቀድማችሁ ጨርሱ።

የኔን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ላይ የአባቴ ስም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፏል፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን አንድ ፊደል ጎድሏል። የልደት ቀኔ በአንዱ በኛ አቆጣጠር፣ በሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለዓመታት አላየሁትም። የታየኝ ልመዘገብ አራት ቀን ሲቀረኝ ነው። ለማስተካከል የተማርኩበት ከተማ ድረስ ሄድኩ። መዝገቡን የያዘው ሠራተኛ የለም ተብዬ አንድ ሆቴል አደርኩ። በመጨረሻው ቀን ደረስኩ፤ ግን የዚያን ሳምንት ጭንቀት አልረሳውም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወረቀቶቻችሁን አልጋ ላይ ደርድሩ። ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ። መታወቂያውንም ጨምሩ። ከዚያ ሁሉንም በስልካችሁ ስካን አድርጋችሁ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት።

የስፖንሰር ነገር ካለ ውሉን አንብቡ። መሥሪያ ቤት ከፍሎ ካስተማራችሁ ምን ያህል ዓመት እንደምታገለግሉ ውሉ ላይ ይጻፋል። ሳታነቡ አትፈርሙ።

የመግቢያ ፈተናው

አሁን ማስተርስ ለመግባት ትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀውን ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ሰው "ጋት" ነው የሚለው። ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሰጠው። ሼክስፒርን አይጠይቃችሁም። የሚጠይቀው የማገናዘብ ችሎታ ነው፤ በቃላት፣ በቁጥር፣ በአመክንዮ።

የቋንቋ ሰዎች የምንወድቀው ቁጥሩ ላይ ነው። ለዓመታት ሒሳብ ነክተን አናውቅም። ጥያቄው ግን ከዘጠነኛና ከአሥረኛ ክፍል ብዙም የራቀ አይደለም። ሦስት ሠራተኛ በስምንት ቀን የሚጨርሰውን ሥራ አራት ሠራተኛ በስንት ቀን ይጨርሳል? ሦስት ጊዜ ስምንት ሃያ አራት፤ ለአራት ሲካፈል ስድስት ቀን። ይህን በወረቀት ላይ ያለ ፍርሃት መሥራት ነው ዝግጅቱ። ለዚህች ልጅ የሰጠኋት ምክር የሒሳብ መምህሩን ጎረቤታችንን እንድትለምን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ ለሁለት ወር። ንጽጽር፣ ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ አማካይ። እነሱን ከያዘች ሌላው ይከተላል።

አመክንዮው ላይ ደግሞ ችኮላ ነው የሚጥለው። "መምህራን ሁሉ አንባቢ ናቸው። አንዳንድ አንባቢዎች ገጣሚ ናቸው።" ታዲያ አንዳንድ መምህራን ገጣሚ ናቸው ማለት ነው? ቶሎ ያነበበ አዎ ይላል። እነዚያ ገጣሚ አንባቢዎች መምህር ይሁኑ አይሁኑ ግን አልተነገረንም። የተጻፈውንና እኛ የጨመርነውን መለየት ነው ፈተናው። በነገራችን ላይ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ የሚጠበቅባችሁም ይኸው ነው።

ዲፓርትመንቱ ቃለ መጠይቅ ወይም የጽሑፍ ፈተና ካለው በቅርብ ጨርሳችሁ ያነበባችሁትን አንድ መጽሐፍ ይዛችሁ ግቡ። "ሥነ ጽሑፍ እወዳለሁ" ማንንም አያሳምንም። "እዚህ መጽሐፍ ውስጥ እዚህ ቦታ ላይ ይህ ነገር አልገባኝም፤ ላጠናው እፈልጋለሁ" የሚል ሰው ግን ይታወሳል።

እንዴት ይነበባል?

አባቴ በወጣትነቱ የመጽሐፍ ትርጓሜ ቤት ተማሪ ነበር። በኋላ ትቶት ነጋዴ ሆነ እንጂ ያ ትምህርት ከአፉ አልጠፋም። ምሳ ላይ ስለ ተራ ነገር ስናወራ እንኳ "አንድም" ይላል። አንድ ቃል ይነሣል፤ ቀጥተኛ ፍቺውን ይሰጣል። ከዚያ "አንድም" ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል። "አንድም" ብሎ ሦስተኛ። የቀደመውን አይሽረውም፤ ጎን ለጎን ያቆማቸዋል።

ማስተርስ ስገባ ፈረንጆቹ ቀርቦ ማንበብ የሚሉትን ነገር አስተማሩን። አንድ አንቀጽ ይዞ ቃል በቃል መመርመር። ብዙዎቹ ጓደኞቼ አዲስ ነገር ሆነባቸው። እኔ ግን አባቴን ሰማሁት። አንድምታ በቤቱ ያደገበት አገር ልጆች ሆነን ንባብን ከባዶ የምንጀምር አይምሰላችሁ።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ለቴሲሴ የያዝኩት ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመውን ራሴላስ ነው። የእንግሊዝ ጸሐፊ ነው፤ ኢትዮጵያን አይቶ አያውቅም። መጽሐፉ ግን ስለ አንድ የኢትዮጵያ ልዑል ነው። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ በእንግሊዝኛውም በአማርኛውም ማንበብ ይቻላል።

መጀመሪያው ላይ ልዑሉ የሚኖርበት ሸለቆ ይገለጻል። የደስታ ሸለቆ ነው። ዙሪያውን ተራራ ከቦታል። መግቢያው አንድ ብቻ ነው፤ ከቋጥኝ ሥር የሚያልፍ ዋሻ። ዋሻው ወደ ሸለቆው የሚከፈትበት አፍ በብረት በር ተዘግቷል። በሩን የጥንት ባለሙያዎች ናቸው የሠሩት። እጅግ ከመክበዱ የተነሣ ያለ መሣሪያ ማንም ሊከፍተውም ሊዘጋውም አይችልም።

የመጀመሪያው ንባብ ይህ ነው፤ ምን አለ? ውብ ቦታ፣ የተጠበቀ ቦታ።

ሁለተኛው ንባብ፤ በምን ቃል አለው? እርሳስ ይዤ ገጹ ላይ አሠመርኩ። ተራራ፣ ዋሻ፣ ብረት፣ በር፣ መዝጋት። ስለ ደስታ እየነገረን የሚጠቀምበት ቃል የእስር ቤት ቃል ነው። ይህን ባየሁበት ሌሊት ሰዓቱ ወደ አሥራ አንድ ተጠግቶ ነበር። ብቻዬን ኩሽና ተቀምጬ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ሦስተኛው፣ አንድም። ንጉሡ ሲሞት ተራ እስኪደርሳቸው ድረስ የንጉሥ ልጆች እዚያ ይቀመጣሉ ይላል ጆንሰን። የጎንደር ሰው ይህን ሲያነብ ምን ያስታውሳል? ወህኒ አምባን። ከዐፄ ፋሲል ጀምሮ የነገሥታቱ ልጆች የሚታሰሩበት አምባ፤ ዙፋን ሲፈታ ደግሞ አንዱ ተጠርቶ የሚወርድበት። ዛሬ "ወህኒ ቤት" የምንለው ከዚያ አምባ ስም ነው። እስር ቤታችንን የምንጠራበትን ቃል የሰጠን ተራራ እንግሊዛዊው እጅ ውስጥ የደስታ ሸለቆ ሆኖ አገኘሁት አልኩ። ጥያቄዬ ተወለደ።

ያኔ የሠራሁትን ስህተትም ልንገራችሁ፤ ከዚያ ብዙ ተምሬአለሁ። ፕሮፖዛሉ ላይ "ጆንሰን የጻፈው ስለ ወህኒ አምባ ነው" ብዬ በድፍረት አስቀመጥኩ። አማካሪዬ ኅዳጉ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፉ፤ "ዓመቱን አስተያዪ።" አስተያየሁ። ጆንሰን ስለ ኢትዮጵያ ያወቀው በአብዛኛው ከፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን መነኩሴ ከጀሮም ሎቦ ነው፤ የሎቦን መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ራሱ ጆንሰን ነው፤ በ1735። ሎቦ ኢትዮጵያ የነበረው ከ1625 እስከ 1634 ነው። ጎንደር የተቆረቆረችው ደግሞ በ1636 ገደማ። ሰውየው ሲወጣ ጎንደር ገና የለችም። ከዚያ በፊት የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበት ስመ ጥሩ አምባ ወሎ ያለው አምባ ግሸን ነው። ሎቦ ወህኒን አይቶ ጻፈ ማለት አልችልም።

ሁለት ቀን አዘንኩ። ከዚያ ጥያቄውን አዞርኩት። "የትኛው ተራራ ነው?" የሚለውን ተውኩት። "የአምባ እስር ቤት ወደ ደስታ ሸለቆ ሲለወጥ ምን ቀረ፣ ምን ተሰወረ?" የሚለውን ያዝኩ። ይህኛው በመጽሐፉ ቃል ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። ወህኒ አምባም ከቴሲሱ አልወጣም፤ እንደ ምንጭ ሳይሆን የጎንደር አንባቢ ይዞት እንደሚመጣ ትዝታ ሆኖ ገባ።

ለእናንተም እዚሁ ከተማ ብዙ አለ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። ቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ተቀምጦ በፈንጣጣ የታመሙ የቤተ መንግሥት ልጆችን አክሟል። በ1790 በአምስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ብዙ የለንደን ሰው ግን የጻፈውን አላመነውም። እቴጌዪቱ በሱ መጽሐፍ ውስጥ እንዴት ይናገራሉ? ማን አናገራቸው? ከቤታችሁ ወደ ቁስቋም በባጃጅ ሄዳችሁ ፍርስራሹ ላይ ተቀምጣችሁ ልታነቡት የምትችሉት ነው። ከፈለጋችሁ ደግሞ ዳኛቸው ወርቁና ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፏቸው ልብ ወለዶች አሉ። ኢትዮጵያዊ ሆነው በእንግሊዝኛ ሲጽፉ አማርኛው የት ተደበቀ ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ከእኛ የተሻለ ማን ሊያየው ይችላል?

መጽሐፍ ከየት?

የራሴላስ እንግሊዝኛው ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነፃ አለ። የብሩስን ቅጾች ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ታገኛላችሁ። የጥናት ጽሑፍ ስትፈልጉ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል መግቢያ እንዳለው ጠይቁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴሲስ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ሌሎች ከናንተ በፊት የሠሯቸውን ማየት ይቻላል። እነሱን ቀድማችሁ እዩ፤ ርዕሳችሁን ሌላ ሰው ሠርቶት እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ስትሄዱ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ተቀመጡ።

ኔትወርክ ሲኖር አውርዱ፤ መብራት ሲኖር ቻርጅ አድርጉ። ያወረዳችሁትን በስልክም፣ በፍላሽም፣ በኢሜይልም አስቀምጡ። እኔ ዋና ዋና ምዕራፎችን ፎቶኮፒ አስደርጌ ነበር የማነበው። ወረቀት ባትሪ አይፈልግም።

የንባብ ሰዓቴ ሌሊት አሥር ሰዓት ነበር። ልጆቹ ሳይነሱ ሁለት ሰዓት አገኛለሁ። በቀን ሃያ ገጽ። ደብተሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ፤ ምን አለ፣ እንዴት አለው፣ ለምን። ሦስተኛው ዓምድ ብዙ ቀን ባዶ ይሆናል። ባዶውን ተዉት። ከወር በኋላ ስትመለሱ የሚሞላ ነገር ታገኛላችሁ።

ስለ ቲዎሪ አንድ ነገር። ብዙ ሰው መጀመሪያ ቲዎሪ ይመርጣል፤ ከዚያ የሚለጥፍበት መጽሐፍ ይፈልጋል። ይህ ቴሲሱን ያደርቀዋል። መጀመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያስቸገራችሁን ቦታ ያዙ። ከዚያ ያን ቦታ ለማየት የሚረዳችሁ ማን ነው ብላችሁ ፈልጉ። እኔ ኤድዋርድ ሰይድ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ኦሪየንታሊዝም የጻፈውን ተጠቀምኩ። ምዕራባውያን ምሥራቁን በጽሑፍ እንዴት እንደሠሩት የሚመረምር ነው። የኛ ነገር ግን ለየት ይላል። ኢትዮጵያ በቅኝ ያልተገዛች አገር ናት፤ ጆንሰንም የጻፈው ለቅኝ ገዢ መንግሥት ማስታወቂያ እንዲሆን አይደለም። ታዲያ ያ ሐሳብ የት ድረስ ይሠራል? የት ላይ ይቆማል? ይህን ራሳችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ኤግዛሚነሩ፣ ቴሲሱን የሚፈትነው መምህር፣ ይጠይቃችኋል።

ከአማካሪ ጋር

አማካሪ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ስልሳ ገጽ አድርጌ ላክሁና "ይመልከቱልኝ" አልኩ። ሁለት ወር መልስ አልመጣም። ተቀየምኩ። በኋላ አንድ ታላቅ ጓደኛዬ "ምን ጠየቅሻቸው?" አለችኝ። ምንም አልጠየቅኩም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አላላኬን ቀየርኩ። አሥራ አምስት ገጽ ብቻ። ከላይ ሦስት ጥያቄ። "ገጽ 6 ላይ ያለው ክርክር ይቆማል ወይ? ገጽ 9 ላይ የጠቀስኩት ጥናት ይበቃል? ቀጥሎ ወደ ዋሻው ልሂድ ወይስ ወደ ልዑሉ?" በሳምንት ውስጥ መልስ ይመጣል። አንዳንዴ በስልክ፣ ስብሰባ እየሄዱ። ሰው የተጠየቀውን ይመልሳል።

ምዕራፍ ከመላኬ በፊት ሌላም ልማድ ነበረኝ። የምዕራፉን ሐሳብ በአማርኛ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ለእናቴ እነግራታለሁ። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ከገባት ጽሑፉ ደርሷል። "እንዴት ማለት?" ካለች ተመልሼ እቀመጣለሁ። በእንግሊዝኛ ረጅም ቃል ደርድሮ ያልጠራ ሐሳብ መሸፈን ይቻላል። በአማርኛ ለእናት ሲነገር ግን ይጋለጣል።

ምንጭ አጠቃቀስ ላይ በሊትሬቸር በብዛት ኤምኤልኤ፣ በቴፍል ደግሞ ኤፒኤ ነው። ዲፓርትመንታችሁ የትኛውን እንደሚፈልግ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ። ዞተሮ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭናችሁ ያነበባችሁትን ሁሉ በዕለቱ መዝግቡ። መጨረሻ ላይ ገጽ ቁጥር ፍለጋ ሦስት መቶ ገጽ መልሶ ማገላበጥ አንድ ሳምንት ይበላል። ከሰው የወሰዳችሁትን ቃል ገና ማስታወሻ ላይ ስትጽፉት በጥቅስ ምልክት ክበቡት። ከስድስት ወር በኋላ የማን ቃል እንደሆነ አታስታውሱም። የሰው ቃል የራሳችሁ መስሎ ገባ ማለት ደግሞ የሁለት ዓመት ልፋት አደጋ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ውጤታችሁንም ጠብቁ። ማስተርስ ለመመረቅ በአጠቃላይ ቢያንስ 3.00 መያዝ ይጠበቃል። አንድ ኮርስ ላይ ከወረዳችሁ ቶሎ መምህሩን አነጋግሩ።

ውጭ አገር መማር የምታስቡ፣ የእንግሊዙ ቼቭኒንግና የአሜሪካው ፉልብራይት ስኮላርሺፖች ለኢትዮጵያውያን ክፍት ናቸው። ቼቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ከተማራችሁም በኋላ አገራችሁ ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት እንድትቆዩ ያስገድዳል። እዚያም ቢሆን የሚያስመርጣችሁ ያው ጥያቄያችሁ ነው።

የዲፌንሱ ቀን

ዲፌንስ ማለት ቴሲሳችሁን በፈታኞች ፊት ቀርባችሁ የምታስረዱበት ነው። ከዚያ በፊት የሌላ ሰው ዲፌንስ ግቡና ተቀመጡ። እኔ ሦስት ተቀምጫለሁ። ኤግዛሚነሮቹ ምን ዓይነት ነገር እንደሚይዙ፣ ተማሪው የት ላይ እንደሚደነግጥ ታያላችሁ። ብዙው ሰው የሚደነግጠው ራሱ የጻፈውን ገጽ አውጣ ሲባል ነው። ቴሲሳችሁን እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብቡ። ዋና ዋና ገጾች ላይ ባለ ቀለም ወረቀት ለጥፉ።

ስላይዱ አጭር ይሁን። እኔ ዘጠኝ ነበር ያዘጋጀሁት። ጥያቄዬ፣ መጽሐፉ፣ ዋሻው፣ በሩ፣ ያገኘሁት። ከውጭ የመጡት ኤግዛሚነር ገጽ አርባ አንድን አስወጡኝና "ይህ በር በእርግጥ እስር ቤት ነው ወይስ አንቺ ከወህኒ ተነሥተሽ ያየሽው ነው?" አሉኝ። ትንሽ ዝም አልኩ። ከዚያ ገጹን አነበብኩላቸው፤ ብረቱን፣ ክብደቱን፣ ያለ መሣሪያ አለመከፈቱን። "እነዚህ ቃላት የጆንሰን ናቸው። ወህኒን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አንባቢ ስለሆንኩ። ሁለቱን ለይቼ ጽፌአለሁ" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሚቀጥለው ገጽ አለፉ።

የማታውቁትን ስትጠየቁ "ይህን አላየሁም፤ እመለከተዋለሁ" በሉ። ከመከራከር ይሻላል። የሚሰጧችሁን እርማት አጠገባችሁ ያለ ጓደኛ እንዲጽፍላችሁ ለምኑ፤ እናንተ በዚያ ሰዓት ግማሹን አትሰሙም።

ካለፋችሁ በኋላ ሥራው አላለቀም። እርማቱን በሳምንቱ ጨርሱት። ሞቅ ያለው ስሜት ሲበርድ ለመመለስ ይከብዳል። ፊርማዎቹን አሟሉ፣ አስጠርዙ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ኮፒ አስረክቡ። ክሊራንስ በምትጨርሱበት ዕለት እዚያው ሬጅስትራር ቆማችሁ የአዲሱ ዲግሪ ስማችሁን ፊደል በፊደል ከመታወቂያችሁ ጋር አስተያዩት።